የትራፊክ ቅጣት ተመን፦ ከነጋሪት ጋዜጣ እስከ ደንገጎ ዳገት

ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ የሚሄድ ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይዟል፤ አራተኛው ከሾፌሩ ጎን ግማሽ ገላው ውጭ ቀርቶ ተንጠልጥሏል። ትራፊኩ እጁን ያነሳል። «አቦ፣ አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው!» ይላል ባለባጃጁ። ትራፊኩ ሊብሬውን አይቶ፣ የተፈቀደውን የሰው ልክ አንብቦ ብዕሩን ያወጣል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ብር ከየት መጣ ብላችሁ ሁለቱንም ብትጠይቁ «ደንቡ ነው» ከማለት ብዙም አያልፉም። መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን ይህ ደንብ ማን ያወጣው ነው? ቁጥሩስ ለምን ያ ሆነ? ይህን የሚያውቅ ሾፌር የሚከራከርበትንም የማይከራከርበትንም ነገር ይለያል።

ሰንሰለቱ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 55)። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው ፓርላማው በአዋጅ ሥልጣን በሰጠው ልክ ብቻ ነው (አንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13)። በመንገድ ትራንስፖርት ዘርፍ አዋጁ የ1997ቱ ቁጥር 468 ሲሆን፣ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ተከተለው። እሱ በ395/2009 ተሻሻለ፤ በኋላም ደንብ ቁጥር 557/2016 መጣ። ከደንብ በታች ደግሞ መመሪያ አለ። መመሪያ አሠራሩን ሊዘረዝር ይችላል፤ አዋጁና ደንቡ የማያውቁትን አዲስ ቅጣት ከራሱ ማፍለቅ ግን አይችልም።

የደንቡ አሠራር በመሠረቱ የዋጋ ዝርዝር ነው። ጥፋቶቹ እንደ አደገኛነታቸው በእርከን ይመደባሉ፤ ለእያንዳንዱ እርከን አንድ የብር መጠን ይቆረጣል፤ ከብሩ ጎን ደግሞ በአሽከርካሪው ስም የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ አለ። የብሩ መጠን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ክፍተት የለውም። ዳኛ የጥፋተኛውን ሁኔታ አይቶ በመነሻና በጣሪያ መካከል ቅጣት ሊመርጥ ይችላል፤ መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ግን ይህ ምርጫ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። በፀሐይ ከቆመ ሰው ጋር ስለ ዋጋ መደራደር ቢፈቀድ ኖሮ ቅጣቱ በየመታጠፊያው የተለያየ በሆነ ነበር።

ስለዚህ «ቀንስልኝ» ብሎ መለመን ሕጋዊ መሠረት የለውም። ሊያከራክር የሚችለው የተሠራው ሥራ በዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ለምሳሌ ተሳፋሪ ለማውረድ ለአፍታ መቆምና ተሽከርካሪን አቁሞ መሄድ በሕግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀፊራ ገበያ ጫፍ ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ሾፌሩ መሪ ላይ ሆኖ ሰው ያወረደ ባጃጅ «ክልክል ቦታ አቁሞ» ተብሎ ከተጻፈበት ስህተቱ የረድፍ ስህተት ነው። መቆምም በተከለከለበት ቦታ ከሆነ ግን ክርክሩ አያዋጣም። እንዲሁም ትርፍ መጫንና ሰውን ለተሳፋሪ ባልተዘጋጀ ቦታ ማስቀመጥ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጥፋት ዓይነት ከብሩ ይልቅ መነበብ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ምልክቱን የሚተክል ሌላ፣ ዋጋውን የሚቆርጥ ሌላ

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የቅጣቱን መጠን የሚወስነው የፌዴራል ደንብ ቢሆንም፣ ጥፋት የሚፈጸምበትን ቦታ የሚፈጥረው በአብዛኛው ከተማው ነው። ደንቡ «የመንገድ ምልክትን አለማክበር» ያስቀጣል ይላል፤ ምልክቱ ከሐረሩ ፈረስ መጋላ በየት በኩል እንደሚቆም ግን አያውቅም። በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን እንውሰድ። ግንቡ የተሠራው ለሰውና ለአህያ ነው። በውስጡ መኪና የሚገባባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ላይ ባጃጁ፣ አሮጌው ፔጆ 404 ታክሲ፣ ሸክም ያዘለች ሴትና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አንድ ላይ ይጋፋሉ። እዚያ ያለው ችግር ፍጥነት አይደለም፣ መቆሚያ ነው። አገር አቀፉ ሠንጠረዥ ለጀጎል ተብሎ የተለየ ዋጋ የለውም፤ የሐረር ማዘጋጃ ግን አንድ ምልክት በመትከል ብቻ ትናንት ያልነበረ ጥፋት ዛሬ እንዲኖር ማድረግ ይችላል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ምልክቱ ከወደቀ፣ ቀለሙ ከጠፋ ወይም የነጋዴ ሸራ ከሸፈነው፣ «ምልክት ጣስክ» የሚለው ክስ መሠረቱ ይናጋል። በዚያው ሰዓት በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ ምልክቱና አካባቢው አብረው የሚታዩበት፣ ከአንድ ሰዓት ጭቅጭቅ ይበልጣል። ዜብራም እንዲሁ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይና አቧራ የአስፋልት ቀለም ቶሎ ይበላል፤ በግማሽ የጠፋ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ አልሰጠህም የተባለ ሾፌር ቢያንስ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። እግረኛን ከመግጨት የሚያድን ክርክር ግን አይደለም፤ እግረኛ መንገድ ላይ ካለ፣ ቀለም ኖረም አልኖረ፣ ጥንቃቄው የአሽከርካሪው ግዴታ ነው።

ፍጥነት ላይ ማስረጃው መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዝ ራዳር የሚለካው ወደ እሱ ቀጥታ የሚመጣን ፍጥነት ነው። ከመንገዱ ጎን ሆኖ በሰያፍ ከተያዘ የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ 20 ዲግሪ በሚያህል ሰያፍ 60 የሚሄድ መኪና 56 አካባቢ ይነበባል። ስለዚህ «በጎን ስለያዘኝ አበዛብኝ» የሚለው ክርክር አይሠራም፤ ሰያፉ ለሾፌሩ ያደላል። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሁለት መኪኖች የተነበበው የማን ነው? መሣሪያው በትክክል መለካቱ የተፈተሸው መቼ ነው?

ብሩ ሲመዘን

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ጥፋት 500 ብር ያስቀጣል እንበል። ባለባጃጁ ቀኑን ውሎ 1,200 ብር ሰበሰበ፤ 500ውን ለባለንብረቱ ሂሳብ አስገባ፤ 300ውን ለቤንዚን ከፈለ፤ ለቤቱ የቀረው 400 ነው። ለእሱ ይህ ቅጣት የአንድ ቀን ከሩብ እንጀራ ነው። በወር 60,000 ብር ለሚያገኝና የራሱን መኪና ለሚነዳ ሰው ግን የሩብ ቀን ገቢ ነው፤ ምሳ ጋብዞ የሚረሳው። ጥፋቱ አንድ፣ እርከኑ አንድ፣ ብሩ አንድ፣ ሕመሙ ግን አምስት እጥፍ ይለያያል። ሠንጠረዡ ብር ይቆጥራል እንጂ ኪስ አያይም።

ያው ድሃው ባለባጃጅ ግን ሌላ ስሌትም ይሠራል፤ ወረቀት ላይ ባያሰፍረውም። ትርፍ ሰው ከጎኑ ባስቀመጠ ቁጥር 15 ብር ተጨማሪ ያገኛል እንበል። ከ50 ጉዞ አንዴ ብቻ ከተያዘ 750 ብር ሰብስቦ 500 ይቀጣል፤ 250 ብር አተረፈ። ከ33 ጉዞ አንዴ ቢያዝ 495 ሰብስቦ 500 ይከፍላል፤ ያኔ ብቻ ነገሩ አክሳሪ ይሆናል። የተንጠለጠለው ሰው ቢወድቅ የሚመጣው ጣጣ በስሌቱ ውስጥ የለም፤ ሰው ሁሉ «እኔን አይደርስብኝም» ስለሚል። ከዚህ የምንረዳው፣ ቅጣቱን እጥፍ ማድረግና ቁጥጥሩን እጥፍ ማድረግ ወረቀት ላይ አንድ ውጤት እንዳላቸው ነው። መንገድ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ቅጣቱ በጣም ሲያድግ ከጎን የሚቀርበው «የሻይ» ዋጋም አብሮ ያድጋል፤ 500 ብር ለመክፈል የማይደራደር ሰው 3,000 ሲባል እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ይጀምራል። በእኛ ግምት ጠዋት ጠዋት በአንድ መስመር ላይ በቋሚነት የሚቆም ትራፊክ፣ በዓመት አንዴ ከሚታወጅ ከባድ ቅጣት የበለጠ ትርፍ ጭነትን ያስቀራል።

የኪሱን ልዩነት ለማስተካከል የሞከሩ አገሮች አሉ። ፊንላንድ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅጣትን በጥፋተኛው የቀን ገቢ ታባዛለች። በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ የስልክ ኩባንያ ኃላፊ 50 በሚፈቀድበት መንገድ 75 ነድቶ 116,000 ዩሮ ተቀጣ። በይግባኝ ግን ገቢው በዚያ ዓመት ወድቆ ነበር ተብሎ ቅጣቱ እጅግ ዝቅ አለ። ጉዳዩ የሥርዓቱን ጥንካሬም ድካምም ያሳያል፤ የሰውን ገቢ መንግሥት በትክክል ካላወቀ ስሌቱ አይቆምም። የሁሉም ባለባጃጅ ገቢ በኪሱ ውስጥ ብቻ በሚታወቅበት አገር ይህ መንገድ ለጊዜው የሚሆን አይመስለንም። የፈረንሳይ ዘዴ ይቀርበናል፤ እዚያ አንድ የተለመደ ቅጣት 135 ዩሮ ሲሆን ቶሎ ለከፈለ 90 ይሆናል፣ ለዘገየ 375 ይደርሳል። ገቢ አይጠይቅም፤ ቀን ብቻ ይቆጥራል።

ከኪስ ልዩነት ይልቅ እኛን የሚያስቸግረን ሁለተኛው ድካም ነው፤ ብር በቋሚ ቁጥር መጻፉ። ደንብ 208/2003 ሲወጣ ዶላር 17 ብር አካባቢ ነበር። 557/2016 ሲመጣ 57 አካባቢ ደርሷል። አዲሱ ተመን ሥራ ላይ በዋለበት ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጎማውና የመለዋወጫው ዋጋ ወዲያው ተከትሎ ሲነሳ፣ የቅጣቱ ቁጥር ባለበት ቀረ። እንዲህ ያለ ቁጥር በየዓመቱ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ አላስፈራ ሲል ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ይዘላል። ሾፌሩ ለዓመታት የለመደውን ዋጋ አንድ ማለዳ ሌላ ሆኖ ሲያገኘው ሕግ ተለወጠ አይልም፤ ዘረፉኝ ይላል። አውስትራሊያ ውስጥ ሕጎች ቅጣትን በብር ፋንታ በ«ቅጣት ክፍል» ይጽፋሉ፦ ይህ ጥፋት 3 ክፍል፣ ያ ጥፋት 10 ክፍል እየተባለ። የአንዱ ክፍል ዋጋ ብቻ በየጊዜው ይታደሳል፤ በቪክቶሪያ ግዛት ለምሳሌ በየዓመቱ። ሙሉ ደንብ ሳይነካ ተመኑ ከኑሮው ጋር ይሄዳል። እርከን ላለው የእኛ ሠንጠረዥ ይህን ማላበስ የሚከብድ አይደለም።

ቅጣቱ ሲጨምር ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ጥፋቱ በተፈጸመ ጊዜ ከነበረው የከበደ ቅጣት መጣልን ይከለክላል። ሰኔ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ሐምሌ ላይ ቢከፈልም የሰኔው ዋጋ ነው የሚሠራበት። ወረቀቱ ላይ የሚፈለገው የጥፋቱ ቀን ነው፤ የክፍያው አይደለም።

አንድ ፍሬን፣ ሦስት ሕግ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ መንገዱ በደንገጎ በኩል ተጠማዝዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሲወጡ ሞተር ይፈተናል፤ ሲወርዱ ግን ፍሬን። ከአወዳይ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ አይሱዙ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ እየተንደረደረ በፍሬን ብቻ ከያዘ፣ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ መያዣው ይሰንፋል፣ የመጨረሻዎቹ ጥምዞች ላይ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ልምድ ያለው ሾፌር ከላይ ጀምሮ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ።

አሁን ይህን በፍጥነት የሚወርድ አይሱዙ በሕግ ዓይን እንከተለው። ምንም ሳይነካ ከወረደና ፍጥነቱ ከተያዘ፣ ነገሩ የደንቡ ነው፦ እርከን፣ ብር፣ ነጥብ። በዚያው ቀን ይዘጋል። የሰው አጥር ወይም ባጃጅ ገጭቶ ንብረት ካበላሸ፣ የደንቡ ቅጣት እንዳለ ሆኖ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመጣል። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረትን ያለ ጥፋትም ተጠያቂ ያደርገዋል፤ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። ሁለት መኪኖች ከተጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የተከራካሪው ነው። «ቅጣቴን ከፍያለሁ» ብሎ ካሳ መከልከል አይቻልም፤ ቅጣቱ የመንግሥት፣ ካሳው የተጎጂው ነው። በወንጀል ነፃ መውጣትም በአንቀጽ 2149 መሠረት ከካሳ ነፃ አያወጣም።

ሰው ከሞተ ደግሞ የወንጀል ሕጉ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አንቀጽ 543። የሌላን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ሐኪም ወይም አሽከርካሪ፣ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ይቀጣል። ሁለት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ከሞተ፣ ወይም ሾፌሩ ግልጽ ደንብን ሆነ ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ያደርሰዋል። የክርክሩ ሁሉ እምብርት ያለው «ሆነ ብሎ» በሚለው ላይ ነው። ፍጥነት ማለፍ ሁልጊዜ ሆነ ተብሎ ነው? ወይስ ፍሬኑ ስለሰነፈ የመጣ ፍጥነት ነው? የመካኒክ ምርመራ፣ የማርሹ ቦታ፣ በአስፋልቱ ላይ የቀረው የጎማ አሻራ፣ የቦሎ ጊዜ፣ እነዚህ ሁሉ በ5 ዓመት ጣሪያና በ15 ዓመት ጣሪያ መካከል ያለውን ርቀት ይወስናሉ። ዳኛው በዚያ ክልል ውስጥ ቅጣት የሚመርጠውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የራሱ የእርከን ሠንጠረዥ አለው።

እዚህም ላይ የብሩን ነገር ተመልከቱ። የወንጀል ሕጉ በ1997 ሥራ ላይ ሲውል ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ 6,000 ብር ከ650 ዶላር በላይ ማለት ነው። ዶላር ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ ያው 6,000 ብር 60 ዶላር አይሞላም። እስራቱ ክብደቱን አልቀነሰም፤ ዓመት ዓመት ነው። ብሩ ግን ከጎኑ የቀረ ጌጥ ሆኗል።

ሦስት ግዛት በአንድ ጉዞ

ያው 55 ኪሎ ሜትር ሦስት አስተዳደሮችን ያቋርጣል። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ፣ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር ከተማ ናት። ደንገጎን አልፎ ሐረማያና አወዳይ ኦሮሚያ ናቸው። ሐረር ስትገቡ የሐረሪ ክልል ነው። ሠንጠረዡ በሦስቱም አንድ ነው፤ የሚከሰው፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና ቅሬታ የሚሰማው አካል ግን ይለያያል። ለወንጀል ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አለ፤ ሐረር ላይ የክልሉ ፍርድ ቤቶች። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ሳይመዘገብና ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን ተፈጻሚ እንዳይሆን ይከለክላል፤ የድሬዳዋ አስተዳደር ተቋማት በዚህ አዋጅ ሥር ናቸው፣ የሐረሪ ግን ክልል ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ሲባል «ቁጥሩ ስንት ነው? ተመዝግቧል?» ብሎ መጠየቅ ሕጋዊ ጥያቄ ነው።

የነጥብ መዝገቡም እዚሁ ላይ ነው የሚፈተነው። መንጃ ፈቃድ በአንድ ክልል ተሰጥቶ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ነጥቡም መከተል ያለበት ፈቃዱን ነው እንጂ ከተማውን አይደለም። ሐረር ላይ የወጣ መንጃ ፈቃድ ይዞ ድሬዳዋ ላይ አሥር ጊዜ የተቀጣ ሾፌር መዝገቡ ካልተገናኘ አሥር ጊዜ የመጀመሪያ ጥፋተኛ ይሆናል። ለሥራው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራው ነጥብ ሲጠራቀም የሚመጣው የፈቃድ መታገድ ነው። ለ500 ብር ከማይጨነቀው ባለመኪናና ከባለባጃጁ ጋር እኩል የሚናገረውም ይኸው ነጥብ ነው፤ የታገደ ፈቃድ ለሁለቱም ያው የታገደ ፈቃድ ነው።

ወረቀቱን ስትቀበሉ ከቦታው ሳትንቀሳቀሱ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ታርጋው ቁጥር በቁጥር ከራሳችሁ ጋር ይመሳከር፤ በአንድ ቁጥር ስህተት የሌላ ሰው ቅጣት በእናንተ፣ የእናንተም በሌላ ሰው ሊቀመጥ ይችላል። የጥፋቱ ስምና እርከን ይነበብ። ቀኑ በግልጽ ይጻፍ። ቦታው ደግሞ «ደንገጎ» ወይም «ሐረር መንገድ» ተብሎ በደፈናው ከሆነ በየትኛው አስተዳደር ክልል እንደሆነ ይጠየቅ፤ ድሬዳዋ ወርዶ ለመክፈል የሄደ ሰው መዝገቡ ማዶ ተቀምጦ ሲያገኘው ግማሽ ቀኑን በሚኒባስ ያጠፋል። መንጃ ፈቃድ ከተያዘ የያዘው ትራፊክ ስምና የመሥሪያ ቤቱ ቦታ ወረቀቱ ላይ ይኑር። ሲከፈል ደረሰኝ ይወሰድ፣ ደረሰኙም ፎቶ ይነሳ፤ ፈቃድ ሲታደስ «ያልተከፈለ ቅጣት አለብህ» ሲባል ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈለውን የሚያስረዳው እሱ ብቻ ነው።